በያጁ ዲንሳ በጡት ምርመራ ወረፋ

ዲንሳ ቦና ሲጮህ ሰው የሰማው በሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የብረት በር እግሩ ላይ ወድቆበት "ኧረ ተው!" ብሎ በሩን የገሠጸ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ካልሲው ውስጥ ገብቶ እየጨሰ ከደንበኛ ጋር ስለ ቀለም የተከራከረ ሰው ነበር። ለቡ ላይ በያጁን ዲንሳን የማያውቅ የለም። ግማሹ ሰፈር የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር የሠራው እሱ ነው፤ ቁመቱም በር ያክላል።

ነገሩ የሆነው በሰኔ መጨረሻ፣ እሁድ ጠዋት ነው። ዲንሳ ያለበት የሰፈሩ የጤና ቡድን ከፉሪ ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበረው። ልጆች ማለት እንግዲህ ትንሹ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። የጤና ቡድን የሚባሉት ለጤናቸው ስለሚጫወቱ ቢሆንም፣ በየሳምንቱ አንዱ እያነከሰ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ዲንሳ የመሐል ተከላካይ ነው። የፉሪ በረኛ የለጋት ኳስ ሰማይ ነክታ ስትመለስ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት፤ ሊያበርዳት። ኳሷ ግራ ደረቱ ላይ አርፋ መሬት ሳትደርስ ዲንሳ ቀድሟት ደረሰ። ጩኸቱ ደግሞ የሱን ቁመት የሚመጥን አልነበረም፤ አይጥ ያየች ልጃገረድ የምታሰማው ዓይነት ቀጭን ጩኸት ነው።

በረኛቸው ሸምሱ፣ በሥራው የሚኒባስ ሾፌር፣ በሕይወቱ ሮጦ በማያውቀው ፍጥነት ከተፍ አለ።

"ልብህን ነው? ዲንሳ! ልብህን ነው ያመመህ?"

"ጡቴን!" አለ ዲንሳ፣ ሳያስበው።

ከዚያ ሃያ አንድ ጎልማሳ በሳቅ ወደቀ። ዳኛው ፊሽካው ከአፉ ወጥቶ ሣር ውስጥ ጠፋበትና ጨዋታው ፊሽካ ሲፈለግ ሩብ ሰዓት ቆመ። ዲንሳም ሳቀ። ሳቁ ግን ደረቱ ድረስ አልወረደም፤ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ነዋ። ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሸሚዝ ሲነካው ያመዋል። በሆዱ መተኛት ትቷል። ከግራ ጡቱ ጫፍ ሥር የካፖርት ቁልፍ የምታህል ጠንካራ ነገር አለች። የብየዳው ሽርጥ ማሰሪያ ቢቆጠቁጠው ነው ብሎ ሽርጡን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ቁልፏ ግን አልተነቃነቀችም።

ለማንም አልተናገረም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሚስቱ። ሚስቱ ቡዜ ላፍቶ ላይ የሴቶች የውስጥ ልብስ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጡት ማስያዣ የሸጠች ሴት ናት፤ ሜትር ሳትይዝ፣ ገና ደንበኛዋ ደረጃውን ስትወጣ ቁጥሯን ታውቃለች። ከእንዲህ ዓይነት ሴት ጡት መደበቅ ከጉምሩክ ሰው ሻንጣ እንደ መደበቅ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሱቋ ስትመለስ ዲንሳ ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሶ ተቀምጧል።

"በርዶሃል?"

"ትንሽ።"

"ሸምሱን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር።"

ዲንሳ ዓይኑን ጨፈነ። ሸምሱን እንደ በረኛ ያምነዋል፤ እንደ ምስጢረኛ ግን የሸምሱ አፍ መረብ የሌለው ጎል ነው።

"አውልቅ" አለች ቡዜ።

አወለቀ። ቡዜ እጇን አሻሽታ አሞቀችና በጣቶቿ ጫፍ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ቀኙን ነካች፤ ወደ ግራው ተመለሰች፤ ብብቱን ነካች። ዲንሳ ኮርኩሮት ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው። ቡዜ ዝም ብላለች። በሃያ አራት ዓመት ትዳራቸው ቡዜ ዝም ያለችው ሁለቱን ልጆቻቸውን ስትወልድና ዛሬ ብቻ ነው።

"ወንድ ጡት አለው እንዴ ግን?" አላት ቀስ ብሎ።

"ባይኖረውማ ምን እየዳሰስኩ ነው?" አለችው። ከዚያ አፏ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ እሱም ላይ እንደዚያው። መጀመሪያ ማን እንደ ጀመረ አይታወቅም፤ ሁለቱም አልጋው ላይ ተንጋለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የፍርሃት ሳቅ ከሁሉ ሳቅ ይረዝማል።

ሳቁ ሲበርድ ቡዜ ተነሥታ ተቀመጠች። "ስማኝ። ከመጋረጃዬ ጀርባ ስንት ሴት ነው 'እዚህ ጋ አንድ ነገር አለኝ' ያለችኝ? ሁሉንም 'ዛሬውኑ ሂጂ' ብያቸዋለሁ። አንዷን በጄ ይዣት ሄጃለሁ። የሰው ሚስት እየላክሁ የራሴን ባል ጃኬት አልብሼ ላስቀምጥ?"

"ጡቴን አመመኝ ብዬ ካርድ ላውጣ?"

"ምን ልትል ነው ታዲያ? ማጠፊያዬ ላልቷል ልትል ነው?"

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዲንሳ አንድ ተስፋ ነበረው፦ ሐኪሙ ይስቅና "አንተ ደግሞ፣ ሂድ ወደ ሥራህ" ብሎ ይመልሰዋል። በፍቃዱ የሚባለው ጤና መኮንን ግን አልሳቀም። ጸጥ ብሎ መረመረው፤ ከጡቱ ጫፍ የሚፈስ ነገር እንዳለ፣ ቆዳው ተስቦ እንደሆነ፣ በቤተሰቡ የጡት ካንሰር የታመመ እንዳለ ጠየቀው።

"የለም" አለ ዲንሳ። ቀጥሎ ግን ምላሱን ያዝ አደረገ። አባቱ ቦና በምን እንደሞተ እሱስ መቼ ያውቃል? ቦና አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበትን የፉሪን መሬት ያርስ የነበረ ሰው ነው። ላሙ ስትታመም እስከ ሰበታ በእግሩ ሄዶ የእንስሳት ሐኪም አምጥቷል። እሱ ሲታመም ግን "ያልፋል" አለ። ያለፈው እሱ ነው።

"እንዲህ ያለው እብጠት በወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነገር አይደለም" አለ በፍቃዱ እየጻፈ። "ካንሰርም ግን በወንድ ይመጣል፤ ጥቂት ነው እንጂ ይመጣል። ወንዶች ደግሞ አፍረው ስለሚቆዩ ሲመጡ መሽቶባቸው ነው። እርስዎ ቀድመው መጡ። ይቺን ሪፈር ይዘው ሐሙስ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የጡት ክሊኒኩ ቀን ሐሙስ ነው።"

"ቀድመው መጡ" የሚለውን ቡዜ በሙሉ አፏ ተቀበለችው፤ ባሏን ጎትታ ያመጣችው እሷ ስለሆነች።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ቀና ሳትል "የታካሚዋ ስም?" አለች።

"ዲንሳ ቦና" አለች ቡዜ።

"ዕድሜሽ?"

"ሃምሳ አንድ" አለ ከኋላዋ ወፍራም ድምፅ። ልጅቷ ቀና አለች። ቡዜን አየች፤ ከቡዜ በላይ ያለውን አየች፤ ምንም ሳትል ጻፈች።

ኮሪደሩ ላይ በሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች አሥራ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል። ዲንሳ በጎን ሊያልፍ ሲሞክር ጥበቃው መጣ።

"ጋሼ፣ አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው።"

"አስታማሚዋ እኔ ነኝ" አለች ቡዜ።

ጥበቃው የዲንሳን ፊት አየ። ከዚያ ደረቱን አየ። ከዚያ ጣሪያውን አየና "ይለፉ" አለ።

ዲንሳ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ሆኖ ተቀመጠ። ሴቶቹ በጨዋነት ሌላ ሌላውን ያያሉ። ሁሉም ሚስቱን ሊያስመረምር የመጣ ደግ ባል መስሏቸዋል፤ አንዷማ "እንዲህ ያለ ባል ነው እንጂ" ስትል ጆሮው ገብቷል። ይህንን ክብር ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደያዘ ሲስተሯ ብቅ አለችና ከካርዶቹ ላይ ጠራች።

"ወይዘሮ ዲንሳ ቦና!"

የተነሣ የለም።

"ወይዘሮ ዲንሳ! የለችም?"

ቡዜ በክርኗ ጎኑን ወጋችው። ዲንሳ ተነሣ። ሲነሣ ደግሞ አያልቅም፤ ተነሥቶ፣ ተነሥቶ፣ መብራቱን ሊነካ ደረሰ። "አቤት" አለ።

አሥራ አራት ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሲስተሯ ካርዱን ገልብጣ አየችው፤ መልሳ አየችው፤ ጆሮዋ ቀላ። ከአግዳሚው መሐል አረንጓዴ ሻርፕ የለበሰች፣ ዕድሜዋ ከቡዜ ትንሽ ከፍ የሚል ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ቆየና በመጨረሻ አልቻለችም።

"ወንድሜ" አለች፣ እየሳቀች፣ "በአላህ ይቅር ይበሉኝ! ይምጡ፣ መሐል ይቀመጡ። እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ እኩል ነው።"

በዚህ ጊዜ ኮሪደሩ ፈነዳ። ሲስተሯ ሳቀች። በማሾፍ የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አራት ሴቶች ለየብቻቸው ጉሮሯቸው ላይ ይዘውት የነበረ ነገር ነው በአንድ ላይ የወጣው። ዲንሳ ራሱ በጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። የደም ግፊቱንና ክብደቱን ተለክቶ ሲመለስ መሐል ላይ ሰፊ ቦታ ተለቆለት ነበር።

ባለ ሻርፗ ሴት ዚነት ትባላለች፤ ጀሞ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። እብጠቱን ገላዋን ስትታጠብ ነው ያገኘችው። አራት ወር ደብቃ፣ በመጨረሻ ለልጇ ነግራ፣ በልጇ ጭቅጭቅ መጥታለች። ናሙና ሰጥታ ውጤት እየጠበቀች ነው።

"አራት ወር ምን እየጠበቅሁ እንደነበር ቢጠይቁኝ አላውቅም" አለችው። "በራሱ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ መስሎኝ ነው መሰል።"

"እኔም ሽርጥ ስቀይር ነበር" አለ ዲንሳ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዲንሳ የኮሪደሩ ሰው ሆነ። አንዷ የግቢዋ በር መሬት እየጠረገ እንዳስቸገራት ስትነግረው፣ በእጁ አየሩ ላይ በር እየሣለ ማጠፊያው እንዴት ከፍ እንደሚል አስረዳ። ሌላዋ መስኮቷ ክረምት ሲገባ ውሃ እንደሚያስገባ አነሣች። ቡዜ ደግሞ በሌላው ጫፍ ለሦስት ሴቶች ትክክለኛ ልካቸውን በዓይኗ እየነገረች ነበር። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ "ኧረ ቀስ! ሆስፒታል ነው!" አለ። ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ስለ ራሱ በር ጠየቀ።

ዶክተር ሲና ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ሐኪም ነበረች። ዲንሳን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ አስቀምጣ፣ እጁን አሰቅላ ሁለቱንም ጎን መረመረች።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"ምንም" አለ ዲንሳ።

"እንዴ!" አለች ቡዜ። "የግፊቱስ?"

"እሱማ መድኃኒት አይደለም፤ የየቀን ነው።"

ዶክተር ሲና ብዕሯን አስቀመጠች። "የየቀኑን ነው የምጠይቅዎት።"

አንድ ኪኒን ለአራት ዓመት እንደወሰደ፣ ግፊቱ አልወርድ ሲል ባለፈው ጥር ሌላ እንደተጨመረለት ተናገረ። የአዲሱን ስም ግን አያውቀውም። "ነጭ ናት፤ ክብ" አለ። "ከነጭና ክብ ውጭ ጠባይ የላትም።"

"በሚቀጥለው ሲመጡ ማሸጊያዎቹን ይዘው ይምጡ" አለች ሐኪሟ። "አሁን የማየውን ልንገርዎት። እብጠቱ በትክክል ከጡቱ ጫፍ ሥር ነው፤ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፤ ያማል። ይህ ሁሉ ደግ ምልክት ነው። ነገር ግን በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ዕድሜዎም ሃምሳን አልፏል። ስለዚህ በጣቴ ብቻ አልፈርድም። አልትራሳውንድና ማሞግራፊ እናነሣለን፤ በቀጭን መርፌ ናሙና እንወስዳለን። ከዚያ በእርግጠኝነት እንነጋገራለን።"

አልትራሳውንዱ ከቀዝቃዛ ቅባቱ በቀር ምንም አላስቸገረውም። የማሞግራፊው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባለሙያዋ ሶፊ ትባላለች። ዲንሳ በር ላይ አጎንብሶ ሲገባ ከላይ እስከ ታች አይታው "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ወንድ ሳነሣ የመጀመሪያዬ ነው" አለች።

"እኔም ስነሣ የመጀመሪያዬ ነው" አለ ዲንሳ።

ማሽኑ ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች አሉት፤ ሥጋውን መሐላቸው አስገብቶ መጭመቅ ነው። ሶፊ ከዚህ ሳበች፤ ከዚያ ሳበች፤ ገፋች።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ።"

"ያለኝ ይኸው ነው!"

"ከብብትዎ በኩል ትንሽ ያምጡ።"

"እሱ ጡንቻ ነው፣ አይመጣም!"

ሶፊ ከንፈሯን ነከሰች። በመጨረሻ ያገኘችውን ይዛ ሰሌዳውን ስታወርድ ዲንሳ ትንፋሹ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት በሞርሳ መንጋጋ አጥብቆ የሠራ ሰው ነው፤ የብረቱ ስሜት ዛሬ ገና ገባው። "ሞርሳ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ይህንን ብሎ ሳቅ መጣበት። "አይሳቁ፣ ይበላሻል!" አለች ሶፊ፣ እራሷ እየሳቀች። አይሳቁ የተባለ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ሥዕል ተንቀሳቅሶ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ሲያነሡ ዲንሳ ያልከፈሉትን ደንበኞቹን አንድ በአንድ እያሰበ ነው ራሱን ያረጋጋው።

መርፌው እንደ ንብ ነደፈውና አለቀ። ውጤቱ በሳምንቱ ሐሙስ ነው ተባለ።

ያቺ ሳምንት ሳቅ የጠፋባት ሳምንት ናት። ሰኞ ዕለት ዲንሳ አንድ ትልቅ የግቢ በር ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አቁሞ ሲያየው እጀታውን የበየደው በማጠፊያው በኩል ነው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ረቡዕ ከሰዓት ወርክሾፑን ዘግቶ ብቻውን ወደ ላፍቶ ሄደና ቡዜ ሱቅ ውስጥ፣ ጡት ማስያዣዎቹ በተሰቀሉበት ሥር፣ በትንሿ ዱካ ላይ ተቀመጠ።

"አባቴን ሳስብ ነው የዋልኩት" አላት። "አንድ ሰው ጎትቶ ቢወስደው ኖሮ እላለሁ።"

ቡዜ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠችና እጁን ያዘችው። "አንተን ጎትቼሃለሁ" አለች። "ምንም ይሁን ምን አሁን እያየነው ነው። ያላዩት ነው የሚገድለው።"

ሐሙስ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ዚነትም መጥታለች፤ ከአጠገቧ ለዲንሳ ቦታ ይዛለት ነበር። ቀድማ ተጠራች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች፤ ሻርፏን አስተካክላ በዝግታ ተቀመጠች። ማንም አልጠየቃትም።

"ነው" አለች ራሷ። "ካንሰር ነው። ገና ትንሽ ነው፤ ወደ ብብቴም አልሄደም አለችኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በመድኃኒት ይከታተሉኛል።" ወደ ዲንሳ ዞረች። "ታውቃለህ፣ ስሙን እስክትነግረኝ ድረስ ነበር የምፈራው። አሁን ስም አለው፤ ቀጠሮም አለው።"

ቡዜ ከጎኗ ሄዳ አቀፈቻት። ዲንሳ ግዙፍ እጁን የዚነት እጅ ላይ አሳረፈ። በዚህ መሐል "አቶ ዲንሳ ቦና" ተባለ። ሲስተሯ በዚህኛው ጊዜ "አቶ" የምትለውን ጠበቅ አድርጋ ነው የጠራችው።

ዶክተር ሲና አላስጠበቀችውም። "አቶ ዲንሳ፣ ካንሰር አይደለም። ናሙናውም፣ ሥዕሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ የጡት እጢው ነው ያበጠው። ወንድም ትንሽ የጡት እጢ አለው። አንዳንዴ ይነሣሣል። ማሸጊያዎቹን አመጡ?"

ቡዜ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሐኪሟ ሁለተኛውን አንሥታ ስሙን አነበበችና ፈገግ አለች። "ይቺ ናት። ለግፊት ጥሩ መድኃኒት ናት፤ ግን የወንድን ሆርሞን ታስቸግራለች። በአንዳንድ ወንዶች ላይ ይህንን ታመጣለች።"

ዲንሳ ማሸጊያውን እንደ አዲስ አየው። "ማለት... ይቺ ኪኒን ናት ጡት ያበቀለችልኝ?"

"በአጭሩ አዎ።"

"ዶክተር፣ ስንት ስንት ነው የምትሸጠው?" አለች ቡዜ። "ለደንበኞቼ ላምጣላቸው እንጂ!"

ዶክተር ሲና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ሳቀች። "ሴት ላይ እንዲህ አትሠራም፣ አትድከሚ።" ከዚያ ጣቷን ወደ ዲንሳ ቀሰረች። "በራስዎ እንዳያቆሙ። ግፊትዎ ይነሣል። ለሚከታተልዎት ሐኪም ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እሱ በሌላ ይለውጥልዎታል። ሕመሙ በሳምንታት ይቀንሳል፤ እብጠቱ ወራት ይፈልጋል። በሦስት ወር ተመልሰው ያሳዩኝ። አዲስ ነገር ካዩ ግን ሦስት ወር አይጠብቁ።"

ዲንሳ ከክፍሉ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ። ውጭ ዚነት አለች። ፊቱን አኮሳተረ፤ ቡዜንም "አትሳቂ" አላት። ሀዘን ቤት እንደሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዚነት ግን አንድ ጊዜ አየችው።

"ነጻ ነህ" አለች።

"ኧረ እኔ..."

"ፊትህን በከንቱ አታድክመው፣ ተጽፎበታል። ነጻ ነህ?"

"መድኃኒቷ ናት አሉኝ" አለ ዲንሳ ቀስ ብሎ። "የግፊት ኪኒን ናት ጡት ያወጣችልኝ።"

ዚነት ወደ ደረቱ አየች። ከዚያ ከሆዷ የመጣ ሳቅ አናወጣት። "የግፊት ኪኒን! ያ ረቢ!" ቆመች። "ምን አንገትህን ትደፋለህ? እዚህ ኮሪደር ላይ ደስታ ስንቴ ይመጣል? ሲመጣ ልንደብቀው ነው?" ብላ ሻርፏን ወደ ኋላ ጣል አደረገችና እልልታዋን ለቀቀችው።

ቡዜ ተከተለች። አግዳሚው ሁሉ ተከተለ። ውጤት የምትጠብቀው፣ ገና ያልተመረመረችው፣ ባለፈው ሳምንት ስለ በሯ የጠየቀችው፣ ሁሉም እልል አሉ። ጥበቃው "ማን ወለደ?" እያለ ሮጦ መጣ። ሶፊ ከማሞግራፊው ክፍል አንገቷን አወጣች። ዲንሳ መሐል ላይ ቆሞ፣ ትከሻው በራሱ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ሲነቀነቅ፣ እየሳቀና እንባው በጢሙ እየወረደ "ይብቃ! ይብቃ! ግፊቴ ይነሣል!" ይላል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ለአምስት ደቂቃ ጨዋ ሆኑ። ከዚያ ቡዜ በጆሮው "ወይዘሮ ዲንሳ" አለችው። ያ በቃ። ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። አንዱ ሲተው ሌላው ይጀምራል። ረዳቱ "ምን ነክቷቸው ነው?" ሲል አንዲት አሮጊት "ተዋቸው፣ አዲስ ተጋቢዎች ይሆናሉ" አሉ፤ ይህ ደግሞ እንደ ገና አስጀመራቸው። ወራጅ አለ ማለቱን ማን ያስታውስ? ለቡን አልፈው ሄደው ሚኒባሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲያወርዳቸው የሐምሌ ዝናብ ይጠብቃቸው ነበር።

ጃንጥላ አልያዙም። በጭቃው ወደ ኋላ መጓዝ ጀመሩ። የቡዜ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ዲንሳ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል እሱም ተንሸራትቶ በመቀመጫው ተቀመጠ። እንደ ተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ እግሯን እንደ ዶሮ ሰቅላለች።

"ቡዜ፣ ፈርቼ ነበር" አላት።

"እኔም" አለች። "እኔ እንዲያውም ካንተ በላይ። አሁን ተነሣ፤ በብርድ ከሞትክ ዶክተሯ ትስቅብናለች።"

መድኃኒቱ በዚያው ሳምንት ተለወጠለት። መስከረም ሲጠባ ሸሚዝ አያመውም ነበር፤ በጥቅምት ቀጠሮው ዶክተር ሲና ዳስሳ "ሽንብራ አክላለች" አለችው። ሸምሱ ወሬውን ከለቡ እስከ ፉሪ ስላዳረሰው ለዲንሳ የቀረ ምስጢር አልነበረም፤ ታዲያ አንድ ቀን ከፉሪዎቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያውቅ ኮስታራ ሰው፣ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ በር የሚያሠራ መስሎ ብዙ ከቆየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ክሊኒክ ቀኑ መቼ ነበር ያልከው?" አለው። ዲንሳ አልሳቀም። ሐሙስ ነው ብሎ ነገረው፤ ሐሙስ ዕለትም አብሮት ሄደ።

ዚነት በቀጠሮዋ ቀን ቀዶ ሕክምናዋን አደረገች። ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ከባድ ነበር፤ ጸጉሯ ረገፈ፤ አንዳንድ ሳምንት ውሃም አልዋጥላት አለ። ቡዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሞ እየሄደች ትጠይቃታለች፤ አንዳንዴ ሁለቱም በስልክ ዲንሳን ጠርተው በሳቅ ያናድዱታል። ሕክምናው በታኅሣሥ አለቀ። በጥር አጋማሽ፣ ምርመራው ንጹሕ ነው በተባለች ሳምንት፣ ዚነት ምሳ ጠራቻቸው። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እያሉ ማንም እንዳይቸገር ትልልቅ ዓሣ አስመጥታ በበርበሬ ጠብሳ አቀረበች። አዲስ ያበቀለችው ጸጉር አጭርና ጥቅልል ያለ ነበር፤ "ያምራል፣ አይደል?" እያለች በየደቂቃው ትነካዋለች። ዲንሳ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ለአራተኛ ጊዜ እጁን ሲዘረጋ ቡዜና ዚነት እኩል "ግፊትህ!" አሉት።